ሳቁ የጀመረው ከሰሌዳው ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በወጣው ዕትማችሁ የጥበብ ገጽ ላይ ስለ መንፈስ ፊልሞችና ስለ ተመልካቻችን የቀረበውን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን «ዘ አዘርስ» የተባለ ፊልም ክፍል ሙሉ ከሆኑ ወጣቶች ጋር ማየታቸውን፣ ወጣቶቹም ጸጥ ማለት በሚገባቸው ቦታ መሳቃቸውን፣ ገሚሶቹ ስልካቸውን ሲነካኩ መቆየታቸውን፣ ሲያልቅም «ይሄ ምኑ ያስፈራል?» እያሉ መውጣታቸውን ገልጸው፣ ተመልካቻችን ደም ካልፈሰሰና ጩኸት ካልበዛ በቀር ፊልም የማይገባው ሆኗል ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል። ያዩትን በታማኝነት እንደጻፉ አልጠራጠርም። መደምደሚያቸውን ግን መቀበል አልቻልኩም፤ ይህንኑ ፊልም እኔም ከሃያ ዓመት በፊት ደሴ ላይ አሳይቼ ያንኑ ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ከስምንት ቀን በኋላ ደግሜ ሳሳየው ደግሞ ያው የሰፈር ሰው በእንባና በዝምታ ሲወጣ አይቻለሁ። በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ የሰዉ ዕውቀትም ትዕግሥትም አልጨመረም። የተለወጠው እኔ ደጃፉ ላይ የጻፍኩት ነገርና ቤቱን ያዘጋጀሁበት መንገድ ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ስለ ሥራዬ ጥቂት ማለት አለብኝ። ከ1991 እስከ 1999 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረችኝ። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መቀመጫዋ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር ሲሆን፣ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ከተቀመጠ ስልሳ ሰው ትይዛለች። ከፊት ለፊት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ መጀመሪያ የቪኤችኤስ ካሴት፣ ኋላም የቪሲዲ፣ ማለትም ፊልም የሚጫንበት ሲዲ፣ ማጫወቻ ነበር። ደጃፉ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የዕለቱን ፊልም በየጠዋቱ በጠመኔ የምጽፍበት እኔው ነኝ። ያ ሰሌዳ ሰው ለመጥራት ብቻ የተሰቀለ ይመስለኝ ነበር። የመጣው ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚቀመጥም ጭምር ይነግረው እንደነበር የገባኝ ዘግይቼ ነው። «ካራቴ» ብዬ ከጻፍኩ፣ የሚመጣው ወጣት አክተሩን ለማበረታታት፣ ክፉውን ሰው ለመስደብና ከጎረቤቱ ጋር ለመከራከር ተዘጋጅቶ ይገባል፤ «አክተር አይሞትም» የሚለው አባባል ከአፍ የማይጠፋው እንዲህ ባለ ምሽት ነው። «የሕንድ» ብዬ ከጻፍኩ እህትና ወንድም፣ እናትና ልጅ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ለማልቀስ ወስነው ስለሚመጡም ማንም በማንም አይስቅም። «ሆረር» ብዬ ስጽፍ ግን የሚመጡት ተጠራርተው የሚሄዱ ወንዶች ልጆች ነበሩ። እነሱ የሚገቡት ፊልሙን ለማየት ብቻ ሳይሆን ከመካከላቸው ማን እንደሚፈራ ለማወቅም ነው። ቀድሞ የደነገጠ ለሳምንት ያህል ስለሚቀለድበት፣ ሁሉም ድንጋጤውን በሳቅ ለመቅደም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጸሐፊው የሰሙት ሳቅ ይህኛው ይመስለኛል፤ ውስጡ ንቀት የለም፤ ልጅ በጨለማ መንገድ ሲሄድ እንደሚያፏጨው ያለ ነው።

«ዘ አዘርስ» ደግሞ እንዲህ ተዘጋጅቶ ለሚመጣ ሰው የተሠራ ፊልም አይደለም። ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1945፣ የጀርመን ጦር ለአምስት ዓመት ያህል ይዟት በቆየችው በጀርሲ ደሴት ነው። ግሬስ የምትባል እናት፣ ባሏ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ከሴት ልጇና ከወንድ ልጇ ጋር በአንድ ሰፊ አሮጌ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ልጆቹን የፀሐይ ብርሃን ስለሚጎዳቸው መስኮቶቹ ሁሉ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ የቤቱ ሕግም አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው በር አይከፈትም የሚል ነው። ሦስት አገልጋዮች መጥተው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከላይ የእግር ኮቴ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ የፒያኖ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በላይ ታሪኩን አልናገርም፤ ፊልሙ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ገና ያላየው ሰው አለና፣ መጨረሻውን አስቀድሞ መናገር ከአንድ ሰው ላይ ዳግም የማይገኝ ነገር መውሰድ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርሰቱንም፣ ዳይሬክተርነቱንም፣ ሙዚቃውንም የያዘው ስፔናዊው አሌሃንድሮ አሜናባር ሲሆን፣ ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ደም አይፈስም፤ ጭራቅም አይመጣም። ሰውዬው የሚያስፈራን በአንድ ፋኖስ፣ ግሬስን ሆና በምትተውነው በኒኮል ኪድማን ፊትና የምንጠብቀው ነገር ሳይመጣ እየቆየ በመሄዱ ነው። ፋኖሱ ከሚደርስበት ባሻገር ያለው የክፍሉ ጥግ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለውን የሚያስቀምጠው ተመልካቹ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ፊልም ጎቲክ የሚባለው ቤቱ ያረጀ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ የተደበቀ ያለፈ ነገር ስላለና ያለፈው ነገር አልፎ መቅረት እምቢ ስለሚል ነው።

ይህን ፊልም ለመቀበል የተለየ ዕውቀት የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ በዓለም ዙሪያ ያገኘውን ተመልካች አያገኝም ነበር። በ17 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ያንን ገንዘብ በየሲኒማ ቤቱ መስኮት የከፈለው ተራ ሰው ነው። በስፔን ዋናው የፊልም ሽልማት በሆነው በጎያ ምርጥ ፊልምነትን ጨምሮ ስምንት ሽልማት ሲወስድ፣ አንድም ቃል በስፓኒሽ ሳይነገርበት በዚያ መድረክ ምርጥ የተባለ የመጀመሪያው ፊልም ሆኗል። እንግዲህ ሰው በዝምታ አይፈራም፣ ዝግ ያለ ፊልም አይታገስም የሚለው አባባል ከመነሻው ልክ አይደለም።

ወደ ደሴው ልመለስ። ፊልሙ እጄ የገባው በ1995 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ቅዳሜ ማታ 1፡00 ሰዓት፣ አዲስ ሆረር፣ የሰይጣን ቤት፣ ልበ ደካማ አይግባ»። ያን ጊዜ ለዚህ ዓይነት ፊልም ሁሉ የምንጠቀምበት ቃል ይኸው ነበር፤ አሁንም ብዙ የተለወጠ አይመስለኝም። በአንድ ቤት ውስጥ መንፈስ አለ የሚሉ ፊልሞችን በሙሉ «የሰይጣን ፊልም» እንላቸዋለን። ነገር ግን በአማርኛችን ሰይጣን አንድ ነገር ነው፣ የሞተ ሰው መንፈስ ሌላ ነገር ነው። ሰይጣን ዘመድ የለውም። ስም ይጠራበታል፣ ይባረራል፣ ይሸነፋል፤ ሰው የሚጠብቀውም መጥቶ ሲታገል ሊያየው ነው። የሞተ ሰው ግን እናት አለው፣ ልቅሶ አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ስጽፍ፣ ስልሳ ሰው ያልተሠራ ፊልም እንዲጠብቅ ማድረጌ ነበር። ግሬስ ፋኖሷን ይዛ ጸጥ ባለው ኮሪደር ስትሄድ፣ ሄዳም ስታዳምጥ፣ አዳምጣም ምንም ሳታይ ስትመለስ፣ ከኋላ አንድ ልጅ «ሰይጣኑ የታለ?» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጥያቄው እኮ ተገቢ ነበር። የሰይጣን ቤት ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ።

የቀረውንም ያበላሸሁት እኔው ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የፊልሙ ዝምታ ዝምታ መሆኑ ቀርቶ የተበላሸ ድምፅ ይመስል ነበር። ቪሲዲ ምስልን የሚይዘው በ352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ጨለማ ክፍል ሲያሳይ ጥቁሩ ግራጫ ካሬ ካሬ ሆኖ ይበታተናል፤ ልጆቹ «ምንም አይታይም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። አንድ ቪሲዲ ከሰማንያ ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ፊልሙ በሁለት ሲዲ ነበር የመጣው፤ ከ100 ደቂቃ ጥቂት የሚያልፈውን ታሪክ መካከል ላይ አቋርጬ፣ አምፖል አብርቼ፣ ሁለተኛውን ሲዲ ስቀይር ቀስ በቀስ ተሰብስቦ የነበረው ፍርሃት እንዳለ ፈሰሰ። በሩ በተከፈተ ቁጥርም የመንገድ መብራት ስክሪኑ ላይ ይወድቅ ነበር። ሲያልቅ ብዙዎቹ አስቀድመው ወጥተዋል፤ የቀሩትም ገንዘባቸው እንዲመለስ ባይጠይቁም ፊታቸው ላይ ቅሬታ ነበረ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደጃፌ ላይ ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ጠራችኝና፣ «ጋሼ፣ እነዚያ ልጆች መጨረሻቸው ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊቱን በሩ አጠገብ ቆማ፣ ሥራዋ በፈቀደላት መጠን እየገባችና እየወጣች ስታይ ነበር። መለስ ብላም፣ «እናትየዋ ምን ቢደርስባት ነው ልጆቹን እንዲያ የምታስጨንቃቸው?» አለችኝ። ከስልሳ ሰው መካከል ስለ ልጆቹ የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ያየችውም ቆራርጣ ነው፤ ሆኖም የፊልሙን እምብርት ያገኘችው እሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ቆይቼ ማታ ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያቺ ሴት ሰሌዳውን አላነበበችውም። ማንበብ አትችልም ነበር። ሰይጣን ይመጣል ብሎ የነገራት ስላልነበረ፣ ያየችው እዚያ ያለውን ነው፤ አንዲት ፈርታ የምትቆጣ እናትና በጨለማ የሚያድጉ ሁለት ልጆች።

በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙን ደግሜ ለማሳየት ወሰንኩ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት፦ «የአንዲት እናትና የሁለት ልጆቿ ታሪክ። የሙታን ነገር አለበት። ጭር ያለ ፊልም ነው። ከመጀመሪያው ያልደረሰ አይገባውም። ሕፃናት ይዛችሁ አትምጡ» የሚል ነበር። በሩ ላይ ከነበረው መጋረጃ ሁለት ክንድ ያህል ገባ ብዬ ሌላ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፤ የሚገባ ሰው የኋላውን ሳይዘጋ የፊቱን እንዳይከፍት አንድ ልጅ አቆምኩበት። የግሬስን ቤት ሕግ ከፊልሙ ወስጄ በራሴ ቤት መሥራቴ እንደሆነ የተረዳሁት መጋረጃውን ሰቅዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዝናቡ ጋብ እስኪል ድረስ አላስጀመርኩም። ሲዲ መቀየሪያ ላይ እንደሚቋረጥ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ስቀይርም አምፖሉን አላበራሁም። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከጎን ሆኖ፣ አስፈላጊ የሆነውን ንግግር ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ እንዲናገር ለመንኩት። የመግቢያው ዋጋ ያው ነበር፤ ከመጡትም መካከል ግማሽ ያህሉ የቅዳሜዎቹ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እናቶቻቸውንና ታላላቅ እህቶቻቸውን አስከትለዋል።

ስለ ሳቅ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ እሑድም ተስቋልና። ግሬስ የፒያኖውን ክዳን ዘግታ ከክፍሉ ስትወጣ በሩ በራሱ በኃይል ሲዘጋባት ቤቱ በሙሉ ጮኸ፤ ከጩኸቱ በኋላ ሁሉም እርስ በርስ ተያይቶ ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ሞተ። ይህና የቅዳሜው ሳቅ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ናቸው። የቅዳሜው ግን ከፍርሃቱ በፊት እየመጣ በሩን ይዘጋበት ነበር፤ የእሑዱ ደግሞ ፍርሃቱ ገብቶ ከወጣ በኋላ የሚተነፈስ ትንፋሽ ነው። በሲኒማ ቤት ውስጥ ሳቅ ሰማሁ ብሎ ተመልካቹ ላይ የሚፈርድ ሰው፣ ሳቁ ከድንጋጤው በፊት ነው ወይስ በኋላ የመጣው ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ሴት ልጅየዋ ለቁርባን የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ጀርባዋን ሰጥታ ወለል ላይ የምትጫወትበትን ትዕይንት ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ አንድም ሰው አልሳቀም፤ አጠገቤ የነበረው ልጅ፣ ቅዳሜ ዕለት «ሰይጣኑ የታለ?» ያለው ራሱ፣ የወንድሙን እጅ ይዞ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያልጠበቅኩት የመጣው ግን ከጭጋጉ ጋር ነው። ደሴ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ መንገዱን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ሰዎቹ የመጡት በዚያ ጭጋግ ውስጥ አልፈው ነው። በፊልሙ ውስጥ ግሬስ ከግቢዋ ወጥታ በወፍራም ጭጋግ መካከል ስትሄድ፣ ከፊቷ አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ ከጦርነቱ ያልተመለሰው ባሏ ነው። ወደ ቤት ይዛው ትገባለች፤ እሱ ግን እምብዛም አይናገርም፣ አይበላም፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ዝም ይላል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1992 ዓ.ም. አብቅቶ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በየሰፈሩ ልጅ ወይም ባል ልከው፣ ሰውየውም መርዶውም ሳይመጣላቸው የሚጠብቁ ነበሩ። ከኋላ አካባቢ አንዲት ሴት ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች። ተማሪው መተርጎሙን አቆመ፤ ማንም ቀጥል አላለውም። እኔ ያንን ፊልም ለመዝናኛ ብዬ ነበር ያመጣሁት። ሰው ሳይቀበር፣ ልቅሶው ሳይቀመጥለት ቀርቶ የሚጠበቅበት ቤት ምን እንደሚመስል፣ በሩቅ ደሴት፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ ጦርነት የተሠራ የመንፈስ ፊልም ለእነዚያ ሴቶች እንዴት እንደነገራቸው እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁም። ሲያልቅ ወዲያው የተነሳ ሰው አልነበረም። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ሲወጡ፣ «ባላየው በወደድኩ» አሉኝ፤ ይህንንም እንደ ነቀፋ አልቆጠርኩትም፤ ፊልሙ ነክቷቸዋል፣ እንዲነካቸው ግን አልፈለጉም፤ ይህ የሳቸው መብት ነው። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ደግሞ በዚህኛው ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሙሉውን አይታ፣ ስለ እናትየዋ የጠየቀችኝን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነም ጸሐፊው እንዲገነዘቡልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳይሬክተሩ ጊዬርሞ ዴል ቶሮ «ክሪምሰን ፒክ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ፣ ይህ ሆረር ሳይሆን ጎቲክ የፍቅር ታሪክ ነው እያለ በየቃለ መጠይቁ ቢናገርም፣ ማስታወቂያው የተሠራው ግን ለሚያስጮህ ፊልም እንደሚሠራው ሆኖ ነበር። በ55 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ያስገባው 75 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ለማስታወቂያው የወጣውና ሲኒማ ቤቶች የሚወስዱት ሲነሳለት ኪሳራ ነው። ለመጮህ የገባው አሜሪካዊ ተመልካች «አያስፈራም» ብሎ ወጣ፤ የቆየ ቤትና የተቀበረ ምስጢር ያለበት የፍቅር ታሪክ የሚወደው ሌላው ተመልካች ደግሞ ማስታወቂያውን አይቶ ለኔ አይሆንም በማለት ቤቱ ቀረ። ከደሴው ቅዳሜ ምሽት በምን ይለያል?

በብሪታንያ የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ውማን ኢን ብላክ» የተባለው የመንፈስ ፊልም ሲወጣ፣ የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ሆኖ ሊያየው ይችላል የሚል ደረጃ ሰጠው፤ ያንን ደረጃ ለማግኘትም አከፋፋዩ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆርጦለታል። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ ነበር፤ ሕፃናቱ ሁሉ ሃሪ ፖተር ሆኖ የሚያውቁት። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ፊልሙ ግን በልጆች ሞት ላይ የተመሠረተ፣ በጭር ያለ ቤትና በረግረግ መካከል ሰውን የሚያስጨንቅ ነው። ቦርዱ 134 አቤቱታ ደረሰው፤ በዚያ ዓመት በአንድ ፊልም ላይ ከቀረቡት ሁሉ በቁጥር የበለጠው ይህ ነበር። አንዱ ተመልካች ፍርሃቱ አነሰኝ ብሎ፣ ሌላው በዛብኝ ብሎ አማረረ፤ ሁለቱንም ያስቆጣቸው ግን ከመግባታቸው በፊት የተነገራቸውና ገብተው ያገኙት አለመገናኘቱ ነው። በተለይ ለልጆች ሲሆን ይህ የቅሬታ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ለወራት እንቅልፍ የሚነሳው ምስል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው፣ እነዚያ ወጣቶች ከመቀመጣቸው በፊት ምን እንደተነገራቸው ነው። «ዛሬ ሆረር እናያለን» ተብለው ከሆነ የሳቁት በተነገራቸው መሠረት ነው። ቀን ላይ፣ መጋረጃው ባልተዘጋ ክፍል፣ በላፕቶፕ ድምፅ ከሆነ ያዩት፣ የአሜናባርን ፊልም አላዩም ማለት ይቻላል፤ የዚህ ፊልም ግማሹ ጨለማው ነውና፣ ጨለማው በሌለበት የሚቀረው ሰዎች ከክፍል ወደ ክፍል ሲመላለሱ ነው። ዛሬ ወጣቱ አብዛኛውን ፊልም በስልክ እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ለካራቴውም ለሳቁም ስልኩ ይበቃ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግን መብራቱን አጥፍቶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳያቋርጡ መቀመጥ ያስፈልጋል። ይህንን ለሰው መንገር ደግሞ አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ እኔ በአንድ ጠመኔ አድርጌዋለሁ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። በየሳምንቱ በምታወጡት የፊልም መርሐ ግብር ላይ ከፊልሙ ስም ቀጥሎ «ሆረር»፣ «ድራማ»፣ «አክሽን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይቀመጣል። በዚያች ቃል ምትክ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ ቦታ አይፈጅባችሁም፤ ፊልሙ የሚያስጮህ ነው ወይስ የሚያስጨንቅ፣ የሚያሳየው ሰይጣን ነው ወይስ ሐዘን፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ለስንት ዓመት ልጅ አይሆንም የሚለውን። የመንፈስ ፊልም ስታስተዋውቁም «ሰይጣን» የሚለውን ቃል ሰይጣን ላለበት ፊልም ብቻ ተዉለት። ሲኒማ ቤቶችም ከጀመረ በኋላ በር ባይከፍቱ፣ መከፈቱ ግድ ከሆነም ሁለተኛ መጋረጃ ቢሰቅሉ፣ ስልክ የሚያበራውን ሰው በትሕትና ቢያስጠነቅቁ፣ ጸሐፊው ያዘኑበት ተመልካች ብዙ ርቆ እንዳልሄደ ያገኙታል ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ፣ እነዚያኑ ወጣቶች መልሰው ሰብስበው፣ ሌላ ያላዩት የዚህ ዓይነት ፊልም በሌሊት፣ በጨለማ ክፍልና በጥሩ ድምፅ፣ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረው ቢያሳዩአቸውና ያዩትን በዚሁ ገጽ ቢጽፉልን እጅግ ደስ ይለኛል። አስቀድመው የሚነግሯቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችም አብረው እንዲያትሙልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የቪዲዮ ቤት ባለቤት
ደሴ